ሥራ ሳይለቁ የታሪክ ዲግሪን በኦንላይን መጨረስ፦ አሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት (የኮርስ መጠን መለኪያ) ነው፤ የታሪክ ዲግሪም ከዚህ አይለይም። ከዚህ ውስጥ ግን ራሱ ታሪክ የሚይዘው እንደየዩኒቨርሲቲው ከ30 እስከ 45 ክሬዲት ያህል ብቻ ነው። የቀረው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ የውጭ ቋንቋና በራስ ምርጫ የሚወሰዱ ኮርሶች ናቸው። እየሠራ የሚማር ሰው ይህን ክፍፍል አስቀድሞ ካወቀ ጉልበቱንና ገንዘቡን ለታሪኩ ኮርሶች ያቆያል፤ ሌላውን በርካሽና በአጭር መንገድ ያሟላል። ካላወቀ ለመጀመሪያ ዓመት አልጀብራ የዩኒቨርሲቲ ዋጋ ይከፍልና ዋናው ንባብና ጽሑፍ ሲመጣ አቅሙም ብሩም ተሟጦ ይገኛል። ብዙ ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው ትምህርቱ ስለከበደው ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ስለተዛባበት ነው።

ትምህርት ቤት መምረጥ

የታሪክ ዲግሪን ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ከሚሰጡት መካከል የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ግሎባል ካምፓስ፣ አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ የኦሪገን ስቴት ኢካምፓስና ሳውዘርን ኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የመጀመሪያው ዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረው ወገናችን ቅርብ ነው፤ ለሜሪላንድ ነዋሪም ክፍያው ዝቅ ይላል። የትኛውንም ቢያስቡ ከማስታወቂያው በፊት አክሬዲቴሽኑን (የትምህርት ጥራት እውቅናውን) ያጣሩ። የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ዳፒፕ የሚባል የመረጃ ቋት አለው፤ የትምህርት ቤቱን ስም አስገብቶ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አክሬዲቴሽን ከሌለው ተቋም የተገኘ ክሬዲት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አይሻገርም፤ ለማስተርስም አያበቃም።

ቀጥሎ ለመግቢያ አማካሪው በኢሜይል ሦስት ነገር ይጠይቁ። በስልክ የተነገረ ቃል በኋላ ማስረጃ አይሆንም። አንደኛ፣ ቢበዛ ስንት ክሬዲት ከሌላ ቦታ ይቀበላሉ? ብዙዎቹ እስከ 90 ይቀበሉና ቢያንስ 30ውን እነሱ ዘንድ እንዲወስዱ ያስገድዳሉ። ሁለተኛ፣ የታሪክ ጥናት ዘዴና የመጨረሻው የምርምር ኮርስ በዓመት ስንት ጊዜ ይሰጣሉ? በዓመት አንዴ ብቻ ከሆነ አንድ ሴሚስተር ማሳለፍ ማለት አንድ ዓመት መዘግየት ነው። ሦስተኛ፣ ትምህርቱ በ8 ሳምንት ነው ወይስ በ15 ሳምንት? ይህ ለምን እንደሚያስጨንቅ ከታች ይመጣል።

በተማሪ ቪዛ (ኤፍ 1) ያለ ሰው ይህ መንገድ አይሆነውም። ለሙሉ ጊዜ ተማሪነት በየሴሚስተሩ የሚቆጠርለት የኦንላይን ኮርስ አንድ፣ ማለትም 3 ክሬዲት ብቻ ነው።

ከኢትዮጵያ የሚመጣ ማስረጃ

ዩኒቨርሲቲ ጀምረው ያቋረጡ ወይም ዲፕሎማ ያላቸው ሰዎች ያንን ክሬዲት ጥለው ከዜሮ መጀመር የለባቸውም። ትራንስክሪፕቱን ወደ አሜሪካ ሥርዓት የሚገመግሙ ድርጅቶች አሉ፤ ከመክፈልዎ በፊት ግን ዩኒቨርሲቲዎ የየትኛውን ድርጅት ግምገማ እንደሚቀበል ይጠይቁ። የሚያስፈልገው እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱ የሚዘረዝር ግምገማ ነው። ርካሹ አጭር ግምገማ "ይህ ሰው ይህን ያህል ተምሯል" ከማለት አያልፍም፤ ክሬዲትም አያስገኝም።

ሦስት ነገሮች ሥራውን ያጓትታሉ። ግምገማው ብዙ ጊዜ ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከሬጅስትራር እንዲላክ ይጠይቃል፤ በእጅዎ ያለው ኮፒ አይበቃም። በወጪ መጋራት የተማረ ሰው ዕዳውን ካልዘጋ ሬጅስትራሩ ኦፊሴላዊውን ማስረጃ አይለቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የዕዳ ክሊራንስ፣ ከዚያ ትራንስክሪፕት። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ እንዲያስፈጽምልዎ ከፈለጉ ውክልናውን በኤምባሲው ወይም በቆንስላው በኩል ቀድመው ይላኩ። ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። ትራንስክሪፕቱ የራስና የአባት ስም ብቻ ይዞ ግሪን ካርዱ የአያትን ስም ጨምሮ ከሆነ፣ ወይም በእንግሊዝኛ አጻጻፉ አንድ ፊደል ከተለያየ ፋይሉ ተለይቶ ይቀመጣል። የፓስፖርት ኮፒና ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ ከመጀመሪያው አብረው ያስገቡ።

ከኢትዮጵያ ሙሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ቆም ብሎ ያስብ። ከውጭ አገር የተገኘ የመጀመሪያ ዲግሪም ቢሆን የፔል ግራንትን (የማይመለሰውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ) በር ይዘጋል። በምህንድስና ተመርቆ ልቡ ታሪክ ላይ ላለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሻለው ጥቂት የታሪክ ኮርሶች ወስዶ በቀጥታ ለማስተርስ ማመልከት ነው።

ታሪክ ያልሆነውን በርካሽ ማሟላት

ታሪክ ያልሆኑትን የጠቅላላ ዕውቀት ኮርሶች ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይውሰዱ። ሜሪላንድ ላይ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ላይ ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ለነዋሪ የሚያስከፍሉት ከዩኒቨርሲቲው በእጅጉ ያንሳል፤ ኮርሶቻቸውም በብዛት በኦንላይን አሉ። እዚህ ሰው የሚሳሳተው ክሬዲቱ "ይሻገራል" ሲባል በቂ አድርጎ በመውሰዱ ነው። ይሻገራል፤ ግን የሚሻገረው የሚፈለገውን ኮርስ ተክቶ ነው ወይስ ተራ የምርጫ ክሬዲት ሆኖ? የምርጫው ቦታ ከሞላ ትርፍ ክሬዲት ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱ ኮርስ በመመረቂያ ዝርዝሩ ላይ የትኛውን መስመር እንደሚሞላ ከመመዝገብዎ በፊት ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ያግኙ።

ሌላው አቋራጭ ክሌፕ የሚባለው ፈተና ነው። የአሜሪካ ታሪክ አንድና ሁለት፣ የምዕራባውያን ሥልጣኔ አንድና ሁለት የሚሉ ፈተናዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 120 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ይደርሳል፤ ለክሬዲት የሚመከረው 50 ነው፤ ካለፉ አብዛኛውን ጊዜ 3 ክሬዲት ያገኛሉ። የወደቀ ሰው ያንኑ ፈተና እንደገና የሚወስደው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሞደርን ስቴትስ የሚባል ድርጅት የመዘጋጃ ኮርሱን በነፃ ያቀርባል፤ ኮርሱን ለጨረሰም የፈተናውን ክፍያ የሚሸፍን ቫውቸር ይሰጣል። ምክራችን ግን ሁለቱን የአሜሪካ ታሪክ ኮርሶች በፈተና እንዳይዘሉ ነው። አንዱን በክሌፕ ይለፉ፤ ሁለተኛውን ተቀምጠው ይማሩ፤ ምክንያቱም ምርጫ ማክበብ ድርሰት መጻፍን አያስተምርም፤ ከፍተኛው የታሪክ ኮርስ ደግሞ ሁሉም ድርሰት ነው።

የውጭ ቋንቋ ግዴታ ካለ አማርኛዎን ያውጡት። አክትፍል የሚባለው የቃል ፈተና በአማርኛ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤትዎ ከተቀበለው ሁለት ወይም ሦስት ሴሚስተር የስፓኒሽ ጥናት ይቀርልዎታል። አንዳንዶቹ ሁለተኛ ደረጃን በሌላ ቋንቋ የተማረን ሰው ያለ ፈተና ነፃ ያደርጋሉ። ካልተጠየቁ ግን አይናገሩም።

ገንዘቡ

ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ) በመደበኛው ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ ዘግይቶ መሙላት የክፍለ ግዛትን እርዳታ ያስመልጣል። ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል፤ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ያለው ወይም የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። በ2025–26 የትምህርት ዘመን የፔል ግራንት ጣሪያ 7,395 ዶላር ነበር። ገንዘቡ በሚወስዱት ክሬዲት ልክ ይሰላል፦ ሙሉ ጊዜ 12 ክሬዲት ከሆነ 6 የወሰደ ሰው ግማሹን ያገኛል። ቅጹ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን የግብር ሰነድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ከተቀነሰብዎ ወይም ሥራ ካቆሙ ለትምህርት ቤቱ የፋይናንስ ቢሮ ማስረጃ አቅርበው ገቢዎ እንደገና እንዲታይ ይጠይቁ፤ ቢሮው ይህን ለማድረግ ሥልጣን አለው።

አሠሪዎንም ይጠይቁ። አንድ አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር የትምህርት ወጪ ቢሸፍን ሠራተኛው ግብር አይከፍልበትም፤ ብዙ ሆስፒታሎችና ሆቴሎች ይህ ጥቅም አላቸው፤ ሠራተኛው ግን አያውቀውም። ስታርባክስ ለሠራተኛ ጥቅማ ጥቅሙ ብቁ ለሆኑና የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌላቸው ሠራተኞቹ የአሪዞና ስቴትን የኦንላይን ትምህርት ክፍያ ይሸፍናል።

እርዳታ ወስዶ ማቋረጥ ዋጋ ያስከፍላል። ከክፍለ ጊዜው 60 በመቶ ሳይደርስ ሙሉ በሙሉ የወጣ ሰው ከእርዳታው የተወሰነው ተመላሽ ይሆናል፤ የትምህርት ቤቱ ሂሳብም ወደ እሱ ይዞራል። በተጨማሪ እርዳታው እንዲቀጥል አማካይ ውጤቱ (ጂፒኤ) በአብዛኛው ከ2.0፣ ከተመዘገቡበት ክሬዲት ያለፉት ደግሞ ከ67 በመቶ ያህል መውረድ የለባቸውም። "ደብሊው" (ኮርስ ላቋረጠ ሰው የሚመዘገብ ምልክት) ውጤትዎን ባይነካም በዚህ ስሌት እንደወደቀ ይቆጠራል። የሚከብድ ከመሰለዎት ያለ ኪሳራ መሰረዝ በሚቻልበት በመጀመሪያው ሳምንት ይሰርዙ።

ሰዓት

አንድ ክሬዲት ወደ 45 ሰዓት ሥራ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ 135 ሰዓት ይሆናል። በ15 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 9 ሰዓት፣ በ8 ሳምንት ሲካፈል ግን ወደ 17 ሰዓት ይመጣል። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ፣ ልጆችም ያሉት ሰው በ8 ሳምንት ሥርዓት ሁለት የታሪክ ኮርስ አብሮ ቢይዝ 34 ሰዓት ከየት ያመጣል? በዚህ ሥርዓት አንድ በአንድ ይውሰዱ፤ በአንድ ሴሚስተር ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ስላለ 6 ክሬዲት ይሞላል፤ የፌዴራል ብድር የሚጠይቀው ግማሽ ጊዜም ይሟላል። በጋውን ከጨመሩ በዓመት 18 ክሬዲት ነው። 60 ክሬዲት የቀረው ሰው ከሦስት ዓመት ትንሽ ይበልጥ ይፈጅበታል። በዚህ ፍጥነት የሚጨርሰው ሰው በፍጥነት ጀምሮ ከሚወድቀው ይበልጣል።

የኦንላይን ሳምንት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው የውይይት ጽሑፍ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ማታ፣ ለሌሎች ተማሪዎች መልስ እሁድ ማታ። ከዓርብ እስከ እሁድ ኡበር የሚነዳ ወይም ሆስፒታል ፈረቃ ያለው ሰው በቅዳሜና እሁድ ዕቅድ ከያዘ ይወድቃል፤ ንባቡን ሰኞና ማክሰኞ ይጨርስ። የመጨረሻው ሰዓት በየትኛው የሰዓት ቀጠና እንደሆነም ያረጋግጡ፤ ሲያትል ሆኖ የሜሪላንድ ትምህርት ቤት የሚማር ሰው እኩለ ሌሊት የሚባለው ለእሱ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። በዓሎቻችንን በመጀመሪያው ሳምንት ከሲላበሱ (ከኮርሱ የሥራና የቀን ዝርዝር) ጋር ያስተያዩ። ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከፀደዩ ሴሚስተር ማብቂያ ጋር ይገጣጠማል፤ ኢድም በየዓመቱ ይዘዋወራል። ቀድሞ የተነገረው መምህር ቀን ይሰጣል፤ በዋዜማው የተነገረው ግን ብዙም አይሰማም።

ንባብና ጽሑፍ፦ ዲግሪው ራሱ

የታሪክ ኮርስ በሳምንት ከ80 እስከ 150 ገጽ ሊያስነብብ ይችላል። ቃል በቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ አያዋጣም። መግቢያውንና መደምደሚያውን መጀመሪያ ያንብቡ፤ ጸሐፊው ምን እንደሚከራከር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ (በአማርኛ ቢሆንም ግድ የለም)። ከዚያ በየምዕራፉ የአንቀጾቹን መክፈቻ እየተከተሉ ክርክሩን የሚያቆምለት ማስረጃ የቱ እንደሆነ ይፈልጉ። ማስታወሻዎ ላይ የገጽ ቁጥሩን ሳይጽፉ ምንም ነገር አይገልብጡ፤ ወረቀቱ በሚገባበት ሌሊት አንድ ገጽ ፍለጋ ሁለት ሰዓት ይበላል።

አገር ቤት የተማርን ሰዎች ድርሰት ስንጽፍ ከዘመኑ ጀምረን፣ ሰዎቹን አስተዋውቀን፣ ድርጊቱን በቅደም ተከተል አውርደን ፍርዱን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን። የአሜሪካ መምህር ግን ክርክሩን የሚፈልገው በመጀመሪያው አንቀጽ ነው። "በ1903 ሮበርት ስኪነር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ" የሚለው እውነት ነው፤ ግን ማንም አይከራከርበትም። "የ1903ቱን ውል አሜሪካ የፈለገችው ከፖለቲካ ወዳጅነት ይልቅ ለአቡጀዲ ገበያዋ ብላ ነው" የሚለው ግን ሊደገፍም ሊሻርም ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው እያንዳንዱ አንቀጽ ይህን ለማስረዳት ይሠራል፤ የማይረዳው ይወጣል፣ የቱንም ያህል ደስ የሚል ታሪክ ቢሆን።

የመጨረሻው የምርምር ወረቀት 25 ገጽና ከዚያ በላይ ሊሆን ስለሚችል ርዕሱን ከአንድ ዓመት በፊት ማሰብ ይጀምሩ። ዋናው መስፈርት ከቤትዎ ሆነው የሚደርሱበት የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ (በዘመኑ የተጻፈ ሰነድ) መኖሩ ነው። "የኢትዮጵያና የአሜሪካ ግንኙነት" ርዕስ አይደለም፤ "በ1896 የጸደይ ወራት የአሜሪካ ጋዜጦች ዓድዋን እንዴት ዘገቡ" ግን ነው። ለእሱ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ክሮኒክሊንግ አሜሪካ የተባለው የጋዜጦች ስብስብ በነፃ ይገኛል። ለዲፕሎማሲ ጉዳይ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰነዶቹን በየዘመኑ አሳትሞ በድረ ገጹ አስቀምጧል፤ የ1903ቱም ውል፣ አስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር የቃኘው ጣቢያም ወሬ እዚያ ይፈለጋል። ግዕዝ ወይም የቆየ አማርኛ ማንበብ የሚችል ሰው ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በኦንላይን ያቀረባቸውን የኢትዮጵያ ብራናዎች በነፃ ተመዝግቦ ማየት ይችላል። ይህ አብረውዎት የሚማሩት አብዛኞቹ የማይደርሱበት ምንጭ ነው፤ ይጠቀሙበት። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ደግሞ ኮሌጅ ፓርክ ያለውን ብሔራዊ መዝገብ ቤትና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን በነፃ የአንባቢ ካርድ መጠቀም ይችላሉ። የዩኒቨርሲቲዎ ቤተ መጻሕፍት የሌለውን መጽሐፍ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ያስመጣል፤ ጊዜ ግን ስለሚወስድ በመጀመሪያው ሳምንት ይዘዙ።

በኢትዮጵያ ጉዳይ ለሚጽፍ ሰው የቀን አቆጣጠር ትልቅ ወጥመድ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው፤ በጅምላ "8 ጨምር" ያለ ሰው የመስከረምን ክስተት በአንድ ዓመት ይስታል። ቀኑም እንዲሁ ነው። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በጊዜው በአውሮፓውያኑ ማርች 1፣ 1896 ነበር፤ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ግን በማርች 2 ነው፤ ምክንያቱም 1900 በእነሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 ስላልነበረው ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። ከ1900 በፊት ያለን ቀን በዛሬው ስሌት የሚያዞር ሰው ቢያንስ በአንድ ቀን ይሳሳታል። ጽሑፍዎ ውስጥ አንዱን አቆጣጠር ይምረጡና በመጀመሪያው የግርጌ ማስታወሻ ያስታውቁ።

የታሪክ ክፍሎች የሚጠይቁት ቺካጎ የተባለውን የአጠቃቀስ ሥርዓት ነው፤ የግርጌ ማስታወሻና መጨረሻ ላይ የዋቢ ዝርዝር። በዎርድም በጉግል ዶክስም ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ አብረው ሲጫኑ የግርጌ ማስታወሻ ይከፈታል። ዞተሮ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዝርዝሩን ራሱ ይሠራልዎታል፤ ግን የኢትዮጵያውያንን ስም ይገለብጣል። አበበ ከበደ የተባለ ደራሲ በ"አ" እንጂ በ"ከ" መግባት የለበትም፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና። ዞተሮ ላይ ሁለቱን ስም በአንድ ሳጥን አስገብተው ያስተካክሉ፤ መምህሩ ካረመዎት በትሕትና ያስረዱ።

አማርኛ ጽፎ በትርጉም መሣሪያ ገልብጦ ማስገባት ወይም ድርሰቱን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማስጻፍ ከኮርስ ሊያስባርር ይችላል። መሣሪያዎቹ የሌለ መጽሐፍ ከነገጽ ቁጥሩ ይፈጥራሉ፤ የታሪክ መምህር ደግሞ የግርጌ ማስታወሻን አንድ በአንድ ማየት ሥራው ነው። ለእንግሊዝኛው እገዛ የዩኒቨርሲቲው የጽሑፍ ማዕከል በነፃ ረቂቅ ያያል። ወረቀቱ ከሚገባበት ቢያንስ አምስት ቀን ቀድመው ይላኩ።

የጥናት ዘዴውን ኮርስ ወደ መጨረሻ አይግፉ። ከፍተኛዎቹን የታሪክ ኮርሶች ከመጀመርዎ በፊት ወይም ከመጀመሪያው ጋር ይውሰዱት፤ ብቻውን ሆኖ። ግብዎ መምህርነት ከሆነ ግን የታሪክ ዲግሪ ብቻውን ፈቃድ እንደማይሰጥ ይወቁ፤ የመምህርነት ፈቃድ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ የሚኖሩበትን ክፍለ ግዛት መስፈርት ዛሬውኑ ያንብቡና የሚጠይቀውን ኮርስ በምርጫ ክሬዲትዎ ውስጥ ያስገቡ።

90 ክሬዲት ሲሞላ የመመረቂያ ዝርዝርዎ እንዲመረመር አማካሪዎን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የጎደለ የአንድ ክሬዲት የሳይንስ ላብራቶሪ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ምረቃም በራሱ አይመጣም፤ ማመልከቻ አለው፣ በአንዳንድ ትምህርት ቤት ክፍያም አለው፤ የመጨረሻ ቀኑም ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ሴሚስተር እንደጀመረ ያልፋል።